ፕሮግራሚንግ ለጀማሪ ለምን ይከብዳል?
(ለሰፈራችን ወላጆች የተደረገ ንግግር)



በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነፃ ትምህርት በአገራችን ከተጀመረ ወዲህ የፕሮግራሚንግ ነገር በየቤታችን ይወራል። አንዳንድ ልጆች ግን ገና ከጅምሩ «ጭንቅላቴ አይቀበለውም» ብለው ይተዉታል።

ነገሩ የጭንቅላት አይደለም። አንደኛ፣ ኮምፒዩተር እንደ ሰው ገምቶ አይረዳም። ሰውን «ከሸዋ በር ተነስተህ አምስቱን የጁገል በሮች ዙር» ብንለው ይበቃዋል፤ ኮምፒዩተር ግን የት እንደሚያቆም ካልነገሩት ሲዞር ያድራል። ሁለተኛ፣ ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤቱ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ለሚናገር ልጅ ሸክሙ ድርብ ነው። ሦስተኛ፣ ሙያው እንደ ስፌት ነው፤ ሌላው ሲሰፋ በማየት አይለመድም፣ እየሰፉ እየፈቱ እንጂ።

ስለዚህ ኮምፒዩተር ያለው ቤት ለጎረቤት ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ይፍቀድ። የሌለው ልጅ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ደረጃ በደረጃ ይከታተል። ሴቶች ልጆቻችንን ማታ ማታ ከማጀት ሥራ እናሳርፋቸው። ልጁ ሲሳሳትም «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ስንት ሰዓት ተለማመድክ?» ብለን እንጠይቀው።