በሕግ የታሰረ ወሰን



የሕዝብን መሬት ስለ መጠበቅ ሲነሣ የአሜሪካው የሕዝብ እንደራሴ ጆን ሴይለር ሊታወሱ ይገባል። የፔንሲልቬንያው ተወካይ መንገድና ሕንፃ ያልገባባቸው የመንግሥት ደኖች እንደ ተፈጠሩ እንዲቆዩ የሚደነግገውን ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ1956 አቀረቡ። የጸደቀው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነው፤ የጉዳዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ያዘገዩት ነበርና። ለማዕድን ፈላጊዎችም እስከ 1983 መጨረሻ በር ተተወላቸው፤ ያልተወደደ፣ ግን ግድ የሆነ ስምምነት። ሆኖም 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተከለለ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ወሰኑን አንድ ሹም በደብዳቤ ሊያነሣው አለመቻሉ ነው፤ ሥልጣኑ የምክር ቤቱ ብቻ ሆነ።

ይህን ያነሣሁት የየአጥቢያችንን ደን አስቤ ነው። ወሰኑ በየትኛው መዝገብ ተጽፏል? ካርታውስ በማን እጅ ነው?