ቤተ ሙከራ በመኖሪያ ቤት፦ አሠራሩና አያያዙ



አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር የማሠራት ጥበብ አዲስ አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1972 ለደንበኞቹ አቅርቦታል። እኔም ጎንደር በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ በአንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ ፕሮክስሞክስን ጭኜ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሠራለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አስቀድሜ በዲስክ ያኖርኋቸው የሊኑክስ ፕሮግራሞች ሥራዬን ከመቆም አዳኑት። ነገር ግን አንድ ሌሊት መብራት በድንገት ጠፍቶ ዲስኩ ተበላሸ፤ መጠባበቂያ ቅጂውም በዚያው ዲስክ ላይ ስለ ነበረ አብሮ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅጂውን በሌላ ዲስክ አኖራለሁ፤ በየወሩም መልሼ እየጫንሁ እፈትነዋለሁ። የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪ ሊያልቅ ሲል ማሽኖቹ በሥርዓት እንዲዘጉ አድርጌአለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ቤተ ሙከራን ማቋቋም የጥቂት ቀን፣ መጠበቅ ግን የዘወትር ሥራ ነው። ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቆጠር።