ውሃ በደብረ ታቦር በስንት ዲግሪ ይፈላል?
ስለ አዲሱ የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ አዲሱ የሳይንስ ትምህርት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ጉዳዩን ከመምህሩ ወገን ሆኜ ለማየት መረጥሁ። ሥርዓተ ትምህርት የሚረቀቀው በአዲስ አበባ ቢሆንም፣ የሚፈተነው ግን በጋይንት፣ በፋርጣና በእስቴ፣ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት በሚቆመው ሰው እጅ ነውና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዘረጋው አደረጃጀት ተለውጦ፣ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ውሏል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ «ጠቅላላ ሳይንስ» በሚል ስም ተጠቃለዋል። ተማሪው እንዲመለከት፣ እንዲለካ፣ እንዲሞክር፣ ሀገር በቀል ዕውቀትንም ከሳይንስ ጋር እንዲያዛምድ ይፈለጋል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ተማሪው በምን ይለካል? ከለካስ በኋላ ያገኘውን ማን ይቀበለዋል?

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብሎ የማይመልስ ተማሪ የለም። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ደግሞ በ94 ገደማ። የደጋ እናቶች ንፍሮ ዘግይቶ እንደሚበስል ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ ምክንያቱን መንገር የሳይንስ መምህሩ ድርሻ ነው።

እንግዲህ አንዲት ተማሪ ለክታ «91» ብላ ብትጽፍ መምህሩ ምን ያድርግ? ሠልጥኖ የመጣው በባዮሎጂ ከሆነ፣ ስለ ግፊት ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል። ቴርሞሜትሩ አንድ ብቻ ከሆነ ተበላሽቷል ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። በላዩም ፈተና አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ጊዜ ያጣ መምህር ከመለካት ይልቅ ማስጠናትን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን የለካችው ተማሪ ተሳስተሻል ከተባለች፣ የምትማረው ዓይኗን አለማመንን ነው።

ይህ አገር ለሙከራ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ የውጭ አገር ባለሙያዎችና ያገር ሰዎች ብረታ ብረት አቅልጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠርተዋል። መድፉ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ጋፋት ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አለፈች፤ ሙያው ትምህርት ቤት ገብቶ ለትውልድ አልተላለፈምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየመሥሪያ ቤታችን ሥራ የፈቱ ቴርሞሜትሮችና ሚዛኖች በሕጋዊ መንገድ ለትምህርት ቤቶች ይተላለፉ። ሁለተኛ፣ ለየወረዳው ከፍታውን፣ የአየር ግፊቱንና የውሃውን ነጥበ ፍሌት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጅተን ለመምህራን እንስጥ። ሦስተኛ፣ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት የሚያግዙትን አፈር ተማሪዎች በጠርሙስ ቀድተው፣ አዝቅጠው ይለኩ፤ እኛም እንዴት እንደሚመዘገብ እናሳያቸው። ግድብን የሚሞላው ደለል ይኸው ነውና፣ ልኬታቸው ለሙያችንም ይጠቅማል።

መምህሩ «ልጄ፣ ትክክል ነሽ፤ ምክንያቱን አብረን እንፈልግ» ለማለት የሚበቃው ከጎኑ የሚቆም ባለሙያ ሲያገኝ ነው። ይህን ለማድረግ ከእያንዳንዳችን የሚጠየቀው በመንፈቅ አንድ ቀን ቢሆን ነው።