የመኪናው ባለቤት

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቁጠባና ብድር ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ዛሬ የገንዘብ ሪፖርታችንን ከማቅረባችን በፊት ስለ አንዲት የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ልናወራችሁ ነው። «ይህ ደግሞ ከቁጠባችን ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ እናውቃለንና ምክንያታችንን እንናገር።

ዓምና አንዲት አባላችን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ለሥልጠናው ክፍያ ብድር ጠየቀችን። «ኢሱዙ መንዳት እፈልጋለሁ» አለች። እኛም ተመካከርንና «ይህ ለሴት ይከብዳል፤ እንጀራ ጋግረሽ ብትሸጪ ይሻልሻል» ብለን መለስናት። ምንም ሳትናገር ማመልከቻዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። አንድም ወር ቁጠባዋን አጓድላ የማታውቅ አባል ናት። በኋላ የጃኔት ገትሪን ታሪክ ስናነብ ያ ቀን ትዝ አለንና አፈርን።

ጃኔት ገትሪ አሜሪካዊት ናት። የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ነው፤ ከዚህ በኋላም የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። አባቷ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፤ እሷም ገና በ17 ዓመቷ የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምራ በ1960 ተመረቀችና በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ በመሐንዲስነት ተቀጠረች። በ1965 ወደ ጠፈር ለሚላኩ ሳይንቲስቶች ምርጫ አመልክታ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፋለች።

ከደመወዟ ቆጥባ ያገለገለች ጃጓር መኪና ገዛች፤ በ1963 መወዳደር ጀመረች። መካኒክ የምትቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበራት ሞተሩን በገዛ እጇ ትፈታለች፣ ትገጥማለች። በፍሎሪዳ በሚደረገው የሲብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ሁለት ጊዜ በምድቧ አሸንፋለች። እንዲህ 13 ዓመት ሠራች። እኛ ስንሰማ ትኩረታችንን የሳበው ይህ ነው። በኋላ ጋዜጦች «ድንገት የመጣች ሴት» እያሉ ሲያወሩላት የ13 ዓመት ልምድ በእጇ ነበር።

ስሟ የገነነው በ1976 ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ታዋቂ ወደሆነው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ሄደች። እስከ 1971 ድረስ በዚያ ሜዳ መኪና ወደሚጠገንበት ክፍል ሴት መግባት አይፈቀድላትም ነበር፤ ይህ ከሆነ ገና 5 ዓመቱ ነው። የተሰጣት መኪና ፍጥነቱ አልበቃ ብሎ ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች። ብዙ ሰው «ሴት አትችልም ብለን አልነበረ?» አለ። ሆኖም እዚያው ሜዳ ለልምምድ ብቻ የአንድ ታዋቂ ተወዳዳሪ መኪና ሲሰጣት ለማጣሪያ በሚበቃ ፍጥነት ነዳችው። ጉድለቱ የመኪናው እንጂ የእሷ እንዳልነበረ በዚያ ታየ።

በዚሁ ወር ከሻርሎት ከተማ ጥሪ መጣላት። በሻርሎት ያለው ውድድር ስቶክ ካር የሚባለው ነው። መኪኖቹ መልካቸው መንገድ ላይ እንደምናያቸው ሸቭሮሌና ፎርድ ሲሆን ውስጣቸው ግን ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። ውድድሩን የሚመራው በ1948 የተቋቋመው ናስካር የተባለ ድርጅት ነው። ሴት በዚህ ውድድር ጨርሶ አልነበረችም ማለታችን አይደለም፤ በ1949 በተደረገው የዋናው ምድብ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ሳራ ክርስቲያን የተባለች ሴት ነድታለች። ረጅምና ፈጣን በሆኑት ትልልቅ ሜዳዎች ላይ በዋናው ምድብ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ግን ገትሪ ናት።

እውነቱን እንናገርና የሻርሎት ሜዳ ኃላፊዎች የጠሯት ትኬት እንዲሸጥላቸውም ጭምር ነው። ነገር ግን ጥሪ ብቻውን አያስነዳም፤ መኪና ያስፈልጋል። የመኪናው ባለቤት ሆና የቀረበችው ሊንዳ ፌሬሪ የምትባል በከተማው ባንክ የምትሠራ የሥራ ኃላፊ ነበረች። እህቶቻችን፣ ይህን ስም ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ያ ውድድር 600 ማይል፣ ማለትም 965 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከሚያደርሰው የመኪና መንገድ ይረዝማል። ልዩነቱ እዚህ መንገዱ አንድ ክብ ሜዳ ላይ 400 ጊዜ መዞር መሆኑ ነው፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ምድጃ ሥር እንደመቀመጥ ነው፤ ግራና ቀኝ ደግሞ ሌሎች መኪኖች ይጋፋሉ። «ጉልበቷ አይበቃም፣ በመሐል ትደክማለች» ብለው የተናገሩ ወንድ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ነድታ 15ኛ ወጣች።

በ1977 በፍሎሪዳ በሚካሄደው የዴይቶና 500 ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች። ሊያልቅ 10 ዙር ያህል ሲቀረው ከሞተሯ ሲሊንደሮች ሁለቱ ሥራ አቆሙ፤ ያም ሆኖ 12ኛ ሆና ጨረሰች፤ ከአዲስ ገቢዎቹም ቀዳሚዋ ሆነች። በዚያው ዓመት በብሪስቶል 6ኛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ምድብ ይህን ውጤት የበለጠች ሴት የለችም፤ ዳኒካ ፓትሪክ የደረሰችበት በ2014 ነው።

ኢንዲያናፖሊስንም አልተወችውም። በ1977 ማጣሪያውን አልፋ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያ ሜዳ «ክቡራን፣ ሞተራችሁን አስነሱ» ብሎ ማዘዝ የቆየ ልማድ ነበር። አሁን ሴት ስትኖርስ? ሲባል፣ የሜዳው ባለቤት «ሞተሩን ከውጭ የሚያስነሱት መካኒኮቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ወንዶች ናቸው» ብለው ልማዱን ሊያስቀጥሉ ፈለጉ። የገትሪ ቡድን ምን አደረገ? ሞተሯን እንድታስነሳ ኬይ ቢግኖቲ የተባለች ሴት መደበ። ቃሉም በዚያ ቀን ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት ገትሪ የራሷን ቡድን አቋቁማ፣ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ሳለ ነድታ በኢንዲያናፖሊስ 9ኛ ወጣች። የዚያ ውድድር ልብሷና የራስ ቁሯ በዋሽንግተን ሙዚየም ተቀምጧል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ተወዳዳሪ ስንት ዓመት ቆየች? በናስካር ዋና ምድብ ከ1976 እስከ 1980 በ33 ውድድሮች ብቻ ነው የተወዳደረችው። በመጨረሻው ዓመቷ እንኳ በዴይቶና 500 ውድድር 11ኛ ወጥታ ነበር። እጇ አልደከመም፤ ዓይኗም አልፈዘዘም። ያቆማት ስፖንሰር ማጣት ነው። የእሽቅድምድም መኪና ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ሞተር ያቃጥላል፤ ጎማ የሚለውጥና ሞተር የሚጠግን ቡድን ደመወዝ ይፈልጋል። በየድርጅቱ በር እየዞረች ለመነች፤ የሚሰጣት ስታጣ ተወችው። ከሜዳው ከራቀች ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2024፣ ናስካር ለስፖርቱ ትልቅ አስተዋጽኦ ላደረጉ የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣት። ሽልማቱ መልካም ነው። ግን በ1980 ብታገኝ የሚጠቅማት ጎማና ሞተር ነበር።

አሁን ወደ ሊንዳ ፌሬሪ እንመለስ። ይህች ሴት መሪ አልያዘችም፤ ዋንጫም አልበላችም። ብዙ ሰው ስሟን አያውቅም። ነገር ግን እሷ የመኪናው ባለቤት ባትሆን ገትሪ በዚያ ቀን ተመልካች ሆና ትቀመጥ ነበር። በ1977 በመኪናው ላይ ስሙን ያጻፈው ድርጅትም ጸሐፊ ሴቶችን ለቢሮዎች የሚያስቀጥር ነበር።

እህቶቻችን፣ እኛ ኮሚቴዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንን እንደምንመስል ተጠያየቅን። ሾፌሯን አንመስልም። ፌሬሪን መምሰል ነበረብን፤ ዓምና ግን የመሰልነው በሩን የዘጉባትን ነው። እህታችን መክፈል እንደምትችል የቁጠባ ደብተሯ ይመሰክር ነበር፤ እኛ ደብተሩን ሳንገልጥ ቀሚሷን አየን።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ብድር ስንመረምር የአባሏን የቁጠባ ታሪክ፣ የሥራ ዕቅዷንና የመክፈል አቅሟን እንጠይቅ፤ «የሴት ሥራ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከቅጻችንም ከአፋችንም ይውጣ። ሁለተኛ፣ የዚያች አባላችን ማመልከቻ እንደገና ይታይ። ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። «ማመልከቻው አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አለችን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የምትሰጡን ገንዘብ ለዕለት ችግር ሲደርስ ምስጋናችን ብዙ ነው። ለሥልጠናና ለመሣሪያ ሲሆን ደግሞ ፍሬው እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና ታገሡን፤ በመጀመሪያው ውድድር 15ኛ የወጣን ሰው በመሐል መንገድ አትተዉ።

እጅ በማውጣት ድምፅ እንድትሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።