የቤት ውስጥ ዱላ ዕዳው የማን ነው?

«የባልና የሚስት ገመና ከቤት አይውጣ» እየተባልን ነው ያደግነው። ዛሬ ግን ይህ ተሸፍኖ የሚቀር ገመና ምን ያህል እንደሚያስከፍለን እንነጋገር።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት በ10 አገሮች ከ24,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀዋል። ከጥናቱ ቦታዎች አንዱ በኢትዮጵያ የቡታጅራ ገጠር ነበር። በዚያ ባል ካገቡት ከ100 ሴቶች 71ዱ በትዳር ዘመናቸው በባላቸው ተደብድበዋል ወይም ያለ ፈቃዳቸው ተገድደዋል። ችግሩ ግን የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ድርጅቱ በ2021 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል።

ዱላው የሚያርፈው በሚስት ላይ ቢሆንም ዕዳው የቤቱ ሁሉ ነው። የተደበደበች ሴት ከሥራ ትቀራለች፣ ደመወዟ ይቀነሳል። ልጆች ሌሊት በጩኸት ሲነቁ አድረው ጠዋት ትምህርት አይገባቸውም። አባቱ እናቱን ሲመታ እያየ ያደገ ወንድ ልጅም ነገ በሚስቱ ላይ እጁን የማንሣቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ዕዳው ለአገርም ይተርፋል። በአሜሪካ በ2003 የወጣ የመንግሥት ስሌት ባል ወይም ጓደኛ በሴቶች ላይ የሚያደርሰው ጥቃት በዓመት ከ5.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስከስር አሳይቷል። አብዛኛው ለሕክምና የሚወጣ ነው፤ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ የሥራ ቀንም ይባክናል።

በአገር ቤት ሚስት ስትበደል ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፤ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ባልየውን ይገሥጻሉ፣ ያስክሳሉ። እዚህ ግን ዘመድ በየከተማው ተበታትኗል። ስለዚህ ሕጉን እንወቅ። በእስራኤል በ1991 በወጣው የቤተሰብ ጥቃት መከላከያ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ የሚማታውን ሰው፣ ቤቱ የራሱ ቢሆንም እንኳ፣ ከቤት እንዲርቅ ማዘዝ ይችላል። ትእዛዙ «ጻቭ ሃጋና» ይባላል። አደጋ ሲደርስ ለፖሊስ 100 ይደወላል፤ ምክርና እርዳታ ለመጠየቅ ደግሞ የረቫሃ ሚኒስቴር ስልክ 118 ነው።

ወንድሞቻችን፣ በአዲስ አገር ቋንቋው ሲከብድ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ዕብራይስጥ ሲናገር የአባወራ ክብር የተነካ መስሎ ይሰማል። ስሜቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዱላ የተመለሰ ክብር የለም፤ ዱላ የሚያተርፈው ፍርሃትን ብቻ ነው። ሲከፋችሁ ለሽማግሌም ሆነ ለሶሻል ወርከር ተናገሩ።

እናንተም ጎረቤቶች፣ ጩኸት ስትሰሙ «የሰው ቤት ነው» ብላችሁ አትለፉ።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።