በመካከለኛው ሙቀት፦ የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ምርምር

ወሬያችንን በጉና ተራራ ግርጌ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ሁሉ በሚያውቀው በዩሪያ እንጀምር። ዩሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፤ አሞኒያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ሁለቱን ጋዞች አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ አያዋህዳቸውም። ተገቢው ሙቀትና ግፊት ኖሮ ብረት ሲገባበት ግን ይዋሃዳሉ፤ ብረቱ በሥራው አያልቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት እንለዋለን። የጉናን አናት ሳይረግጥ በዝቅተኛው በር የሚሻገር መንገደኛ ድካሙ እንደሚቀልለት፣ ካታሊስት ያገኘ ኬሚካላዊ ለውጥም ባነሰ ጉልበት ይፈጸማል።

በካታሊስትና በቁሳቁስ ምርምር ስማቸው ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን አንዷ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ቤተሰቡም አሜሪካ ገባ። ሶስና በኤምአይቲ ተምረው በ1992 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በካልቴክ የቁሳቁስ ሳይንስና የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

ትልቁ ሥራቸው በፊውል ሴል ላይ ነው። ፊውል ሴል ሃይድሮጅንን ሳያነድ ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የሚተርፈው ውኃ ነው። አንደኛው ዓይነት እርጥብ ፕላስቲክ መሰል ስስ ገበር ስላለው ከ100 ዲግሪ በታች ይሠራል፤ በዚያ ሙቀት ግን በሃይድሮጅኑ ውስጥ ያለች ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ካታሊስት የሆነውን ፕላቲነም ሥራ ታስፈታዋለች። ሌላው ከሴራሚክ ይሠራል፤ እስከ 800 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ስለሚችል ውድ ቁሳቁስ ይጠይቃል።

ሶስና መካከሉን መረጡ። በ2001 ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለ ጠጣር አሲድ ለፊውል ሴል እንደሚሆን አሳዩ። ይህ አሲዳማ ጨው ከ141 ዲግሪ ሲያልፍ በውስጡ ያሉት የሰልፌት ክፍሎች መሽከርከር ይጀምራሉ፤ ፕሮቶኖችም በፍጥነት ይተላለፋሉ። ጨው በውኃ ይሟሟል፣ ፊውል ሴል ደግሞ ውኃ ያመነጫል፤ እንዴት ይሆናል? መልሱ ግሩም ነው፤ በዚያ ሙቀት ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል።

ሌላ ችግር ግን ተከተለ። ሃይድሮጅኑ ሰልፌቱን ያፈርሰዋል፤ ፕላቲነሙም ካታሊስት ነውና ያንኑ ጥፋት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ወደ ፎስፌት ዞሩ፤ በ2004 እንፋሎት እየተጨመረለት በ250 ዲግሪ ገደማ በአስተማማኝ ሁኔታ ሠራ። ለእኔ የዚህ ምርምር ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሐሳቡን ሳይጥሉ ቁሱን ለወጡ።

በ2020 ደግሞ ያንኑ የፎስፌት ጠጣር አሲድ ከሩቴኒየም ካታሊስት ጋር አጣምረው፣ በ250 ዲግሪ አሞኒያን ወደ ንጹሕ ሃይድሮጅን ለወጡ። አሞኒያ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን ከሃይድሮጅን ይልቅ ለማጓጓዝ ይመቻል። የቀረው ከባድ ሥራ የዋጋ ነው፤ ሩቴኒየምም ፕላቲነምም ውድ ናቸው፤ የሚተካቸውን ርካሽ ካታሊስት ፍለጋ በዓለም ዙሪያ ቀጥሏል።