ስለ አለርጂና ስለ ቅንጨ አረም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞትበት በሽታ አይደለም፤ ስለዚህም ከቁም ነገር የሚቈጥረው ጥቂት ነው። ነገር ግን በግራና ዐይኑ ቀልቶ፥ አፍንጫው እየፈሰሰ፥ ክንዱን ሲያክ የሚውል ሰው የማናውቅ ያለን አይመስለኝም። ያ ሰው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ “ብርድ ነው” ወይም “ምች መታኝ” ብሎ ያልፋል። እኔም ዐምና እንዲሁ ብዬ ነበር።

ዐምና በክረምቱ መውጫ፥ ቅዳሜ ዕለት፥ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር በመንገዱ ዳር የበቀለውን ቅንጨ አረም ልንነቅል ወጣን። ጓንት አልነበረንም፤ እጅጌያችንን ሰብስበን በባዶ እጃችን ነቀልን። በዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እሑድም ደኅና ዋልሁ። ሰኞ ሲነጋ ግን የዐይኔ ቆብ አብጦ አልገለጥ አለኝ፤ አንገቴና የክንዴ መታጠፊያ ሽፍታ በሽፍታ ሆነ። አያቴ፥ “እሑድ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ዋልህ፤ ምች ነው” ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ ሽታው ብቻውን ሕመም ያስረሳል፤ ሽፍታው ግን አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የመረመሩኝ ባለሙያ ስለ እሑዱ ፀሐይ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። “ልጄ፥ ዐርብና ቅዳሜ ምን ስትሠራ ዋልህ?” አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

አለርጂ የሚለውን ቃል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ. ም. ያወጣው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው፤ ይህም ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳትና ክፋት የሌለውን እንግዳ፥ ለምሳሌ የአበባ ብናኝን ወይም ዕንቍላልን፥ እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። በርበሬ ሲወቀጥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ይህ አለርጂ አይደለም፤ በርበሬ ማንንም አይምርምና ነው። ከዐሥር ሰው መካከል አንዱን መርጦ የሚያስነጥስ ነገር ሲገኝ ግን ያን ጊዜ አለርጂን መጠርጠር ይገባል።

የአለርጂም አመጣጥ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ፈጣን ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያስነጥሳል፥ ያሳክካል፥ ያሳብጣል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ሁለተኛው፥ ቆዳን የሚነካው፥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቈይቶ ይመጣል። ሌባው ካለፈ በኋላ ጩኸት እንደ መስማት ነው፤ በዚያን ሰዓት በመንገድ የተገኘው ሁሉ ይያዛል። ፀሐዩም፥ የትናንት ሽሮውም፥ የጎረቤት ዐይንም በከንቱ ይከሰሳሉ። ስለዚህ ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ወደ ኋላ ሦስት ቀን ቢቈጥርና የነካውን ሁሉ በወረቀት ቢጽፍ፥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የሚገኘው ነገር ራሱን ያጋልጣል።

አሁን ወደ ቅንጨ አረም ልመለስ። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ነጭና ጥቃቅን ሆኖ የተበተነ ቅንጬ ይመስላል። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በሕንድ አገር በፑና ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ. ም. ታይቶ፥ ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬዎችን በቆዳ በሽታ አሠቃይቷል። በአገራችንም በ1980ዎቹ፥ ይኸውም በአውሮፓውያኑ አቈጣጠር፥ በድሬዳዋና በሐረርጌ፥ ቀጥሎም በወሎ በደሴ አቅራቢያ መታየቱ ተጽፏል። ብዙ ሊቃውንት በረኀቡ ዘመን ከመጣው የርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገባ ይገምታሉ፤ ከጦርነት ተሽከርካሪ ጎማ ጋር ገባ የሚሉም አሉ። በየትም ይምጣ፥ አንዱ ተክል ብቻውን ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችል ዛሬ ከማሳ እስከ ቤት ደጃፍ ደርሷል። ከብት ሲበላውም ወተቱ ይመርራል።

በቅጠሉና በግንዱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጠጕሮች ፓርቴኒን የተባለ ነገር አለበት፤ ቆዳን የሚያስቈጣው ይህ ነው። የአበባው ብናኝ ደግሞ አፍንጫንና ዐይንን ያሳክካል፤ አስም ያለበትንም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሣር አጭዶ በራሱ የሚሸከም ሰው ከሣሩ ጋር ቅንጨ ካለበት አንገቱና ጆሮው ይቈስላል። ደርቆም ቢሆን ብናኙ ኀይሉን አይተውም፤ ስለዚህ በደረቀው ክምር አጠገብ መቀመጥ ወይም ሲቃጠል ከጢሱ ውስጥ መቆም አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስተውሉልኝ የምለምነው ይህን ነው። “እኔን ምንም አያደርገኝም” የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱንም ነው፤ ለጊዜው። ሰውነት ይህን ጠላትነት የሚማረው በመደጋገም ነው። አምስት ዓመት በባዶ እጁ ሲነቅል ደኅና የነበረ ሰው በስድስተኛው ዓመት ሊነሣበት ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተነሣበት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተወውም። ቅንጨ ከኑግ፥ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ስለ ሆነ፥ በእርሱ የተጐዳ ሰው በዘመዶቹም ሊቸገር ይችላል። ኑግ ለሚዘራ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የሚነቀለው አበባ ሳያወጣ፥ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ ነው። ጓንት ያጣ እጁን በፌስታል ይጠቅልል፤ እጅጌውን እስከ አንጓው ያውርድ፤ አፍንጫውን በሻሽ ይሸፍን፤ እንደ ጨረሰም በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱንም ከሌላው ለይቶ ይጠብ። ሽፍታው ወይም አስሙ ያለበት ሰው ግን ጨርሶ አይሂድ። ለመምህራኖቻችን በትሕትና የማሳስበው አንድ ነገር አለኝ፤ የአረም ዘመቻ በሚደረግበት ጊዜ “አልወጣም” የሚል ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ውሃ ቢያመላልስ ወይም ስም ቢመዘግብ ድርሻውን ሠራ።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። ማንጎ በጥርሳችን የምንልጥ ብዙዎች ነን፤ በማግሥቱም ከንፈራችን ሲያሳክከን “ማንጎ አይስማማኝም” እንላለን። የሚያስቈጣው ብዙውን ጊዜ በልጣጩና በግንዱ ያለው ሙጫ ነው፤ አጥቦ በቢላዋ መላጥ ብቻ ይበቃ ይሆናል። ለሠርግ ሂና ሲዘጋጅም እንዲጠቍር ብለው የጠጕር ቀለም የሚቀላቅሉ አሉ፤ ከዚህ የተነሣ እጅ ይቈስላል፤ ከዓመታት በኋላም ያቺ ሴት ጠጕሯን ቀለም ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ንጹሑ ሂና ግን እምብዛም አይጐዳም።

በማሽላ ውቂያ ጊዜ የእብቁ ብናኝ የሚያፍነው ሰው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቁም፤ አፉንና አፍንጫውንም ይሸፍን። የሻገተ እህል ሲወጣ ልጆች አጠገቡ አይቁሙ። ሌሊትና ማለዳ የሚያስነጥሰው ሰው ደግሞ መኝታውን ይመርምር፤ በፍራሽ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ተባዮች ይኖራሉና። እርጥበት ይወዳሉ፤ የግራና ፀሐይ ግን አይስማማቸውም። ፍራሹን ደጅ አውጥቶ ማስጣትና ማራገፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያራግፈው ግን በሽተኛው አይሁን።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ንብ የነደፈችው ወይም እንደ ፔኒሲሊን ያለ መርፌ የተወጋ ሰው፥ ገላው ሁሉ አብጦ፥ ጉሮሮው ተዘግቶ፥ ራሱን ካዞረው “ትንሽ ይረፍ” አይባልም። አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፥ መተንፈስ ካቃተው ግን ደግፎ ማስቀመጥ፥ ሳያስሄዱትም ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፤ መድኃኒቱ በጭን የሚወጋ አድሬናሊን ነውና። ከዳነም በኋላ የጐዳውን መድኃኒት ስም በካርዱ ላይ አጽፎ በሄደበት ሁሉ ይናገር፤ ለጎረቤት የታዘዘ ክኒንም ተበድሮ አይዋጥ።

ቅንጨን በቅርብ ለይታችሁ እንድታውቁት አንድ ናሙና ከነሥሩ በጠርሙስ ውስጥ አድርጌ በሳይንስ ማሳያው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአለሁ። በመስተዋቱ ውስጥ እንደ ልባችሁ እዩት፤ ክዳኑን ግን እባካችሁ አትክፈቱ።